በአየርላንድና በስኮትላንድ የእረኛ ውሻ ሲሠራ ለማየት፦ መቼ፣ የት፣ እንዴት

ጥያቄ፦ «ከባለቤቴ፣ ከሁለት ልጆቻችን (የ6 እና የ10 ዓመት) እና ከነፍሰ ጡር እህቴ ጋር ኤፕሪል አጋማሽ ላይ አየርላንድ፣ ከዚያ ስኮትላንድ እንሄዳለን። ውሻ በጎችን ሲነዳ እንደማሳያቸው ለልጆቹ ቃል ገብቻለሁ። ብዙ ቦታ አግኝቻለሁ፤ አንዳንዱ ግን ለቱሪስት ብቻ የተዘጋጀ ትርኢት ይመስላል። እውነተኛውን በምን እለያለሁ? ስንደርስስ ምን እንይ፣ ከምን እንጠንቀቅ?»

ምላሽ፦

የመረጡት ወር አስቸጋሪ ነውና ከእሱ ልጀምር። (ወሩም ዓመቱም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) በሁለቱም አገሮች ተራራማ ቦታዎች አውራው በግ ከመንጋው የሚቀላቀለው ብዙውን ጊዜ ከኖቬምበር አጋማሽ በኋላ ነው። የበግ እርግዝና 147 ቀን ያህል ስለሆነ ኖቬምበር 20 በአውራው የተጠቃች በግ ኤፕሪል 16 ገደማ ትወልዳለች። ቀኑ ታስቦበት ነው፤ ተራራው ላይ አዲስ ሣር የሚያቆጠቁጠው ያኔ ስለሆነ እናቲቱ ግልገሏን የምታጠባበት ወተት ታገኛለች። ዝቅ ባለው መሬት ያሉት መንጋዎች አብዛኛውን ጊዜ ቀደም ብለው ይወልዳሉ። እርስዎ ተራራው ሥር ሲደርሱ እንግዲህ ገበሬው ሌሊቱን ሲያዋልድ አድሮ፣ ጠዋት ፊቱን ሳይታጠብ ሊያገኝዎት ይችላል።

ለውሻውም ኤፕሪል የሥራ ወር አይደለም። ግልገል የያዘች በግ ውሻ ሲመጣባት አትሸሽም። ዞራ ትገጥመዋለች፤ በፊት እግሯ መሬት ትደበድባለች፣ ግንባሯን ዝቅ አድርጋ ትሄድበታለች። በዚህ መሐል ግልገሉ ከእናቱ ይለያያል ወይም ይረገጣል። ደህና እረኛ በዚህ ሰሞን ውሻውን ከእናቶቹ ያርቀዋል። ስለዚህ ኤፕሪል ላይ የሚያዩት ማሳያ አብዛኛውን ጊዜ ገና ባልወለዱ የአንድ ዓመት በጎች የሚደረግ ነው፤ አምስት፣ ስድስት፣ ቢበዛ አሥር በግ። ይህ ማታለል አይደለም፣ በጎቹን ማሰብ ነው። ይልቁንም ኤፕሪል ላይ ግልገል የያዙ እናቶችን ለእንግዳ ብሎ በውሻ የሚያሯሩጥ ቦታ ካጋጠመዎት ጥርጣሬዎ እዚያ ይጀምር።

ጉዞውን ማዘግየት የሚቻል ቢሆን ኖሮ ከጁን መጨረሻ እስከ ጁላይ (ሽልታ)፣ ወይም ኦገስትና ሴፕቴምበር (ግልገሎችን ከእናት መለየትና ለገበያ መምረጥ) ይሻል ነበር። ያኔ ሦስት አራት ውሻ በመቶ የሚቆጠር በግ ከተራራ ሲያወርድ ይታያል። ብሔራዊ የእረኛ ውሻ ውድድሮቹም በጁላይና በኦገስት ናቸው። ግን ኤፕሪልም የራሱ ጥቅም አለው፤ ቱሪስቱ ገና አልበዛም፣ ለልጆቹ ደግሞ ጡጦ የሚጠባ ግልገል አይጠፋም።

ቦታን በተመለከተ፣ በአየርላንድ ምዕራብ ጎልዌይ ካውንቲ ውስጥ የሊናን አካባቢ፣ ኬሪ ካውንቲ ውስጥ ደግሞ በኪላርኒና በኬንሜር መካከል ያለው የሞልስ ጋፕ መንገድ እንግዳ የሚቀበሉ የበግ እርሻዎች ያሉባቸው ናቸው። በስኮትላንድ ኬርንጎርምስ በሚባለው ተራራማ አካባቢ ውስጥ ኪንክሬግ የተባለው መንደር በዚህ ይታወቃል። መንገድዎ በእነዚህ ካለፈ ለብቻው ቀን መመደብ አያስፈልግም፤ ማሳያው ብዙ ጊዜ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ነው።

እርሻውን ከትርኢቱ ለመለየት ከፎቶው ይልቅ መልሱን ይዩ። ከመክፈልዎ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ። አንደኛ፣ ስንት እናት በግ አላችሁ? በበግ የሚተዳደር ሰው ቁጥሩን ሳያስብ ይነግርዎታል፤ ዝርያውንም ይጨምርበታል። ሁለተኛ፣ ስንት ውሻ አላችሁ፣ ዕድሜያቸውስ? በሚሠራ እርሻ ውስጥ አንድ ያረጀ፣ አንድ ሁለት በጉልበቱ ያለ፣ አንድ ገና በመሠልጠን ላይ ያለ ውሻ መኖሩ የተለመደ ነው፤ ሥልጠናው ብዙውን ጊዜ ከስምንት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ዕድሜ ስለሚጀመርና ውሻው ስምንት አሥር ዓመት ሲሞላው ፍጥነቱ ስለሚቀንስ ተተኪ ማዘጋጀት ግድ ነው። ሦስተኛ፣ በአንድ ጊዜ ስንት እንግዳ ትቀበላላችሁ? ሁለት አውቶቡስ ሙሉ ሰው ከሆነ ከኋላ ቆመው የሰው ጀርባ ያያሉ።

ለልጆች ተብሎ ዳክዬ የሚነዳበት ቦታም አለ። አያስከፋም፤ ልጆቹ ይስቃሉ። ሥራው ግን እሱ አይደለም። ዳክዬ ተጠጋግቶ በአንድነት ስለሚሄድ ለጀማሪ ውሻ ይቀላል፤ የተራራ በግ ደግሞ የራሷ ሐሳብ አላት። ምርጫ ካለዎት ለጋ ውሻ የሚያሳይበትን ቦታ ይምረጡ። የሠለጠነው ውሻ ሁሉን ነገር ቀላል ስለሚያስመስለው ምን እንዳደረገ አይታይም፤ ለጋው ሲሳሳት ነው ሥራው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚገባው።

አሁን ወደ ሜዳው። ውሻ ሲባል መንጋ ከአውሬ የሚጠብቀው የሚታየው ሰው እዚህ ግር ይለዋል። ያ ሌላ ሥራ፣ ሌላ ዝርያ ነው። አየርላንድ ውስጥ የመጨረሻዋ ተኩላ በ1786 እንደተገደለች ይነገራል፤ ስኮትላንድም ተኩላ ከጠፋ ቆይቷል፤ ስለዚህ ጠባቂ ሳይሆን ነጂ ነው የሚያስፈልገው። ተራራው ሰፊ፣ ብዙ ቦታ አጥር የሌለው፣ በጎቹም ተበታትነው የሚውሉ ናቸውና አንድ ደህና ውሻ የብዙ ሰው እግር ይተካል።

ነጂው ቦርደር ኮሊ ይባላል፤ ስሙ ከእንግሊዝና ከስኮትላንድ ድንበር የመጣ ነው። የሚሠራው በዝምታ ነው። ራሱን ዝቅ ያደርጋል፣ ጅራቱን ያወርዳል፣ ዓይኑን በጎቹ ላይ ተክሎ እንደሚያደባ ድመት ይራመዳል። እረኞቹ ይህን ማፍጠጥ «ዓይን» ይሉታል። ከተኩላ የወረሰው የአደን ስልት ነው፤ መክበቡ፣ ማድባቱ፣ ማፍጠጡ አብሮት ቆይቷል፣ የመጨረሻው ነክሶ መጣል ግን እየተመረጠ በተራባ ቁጥር ደክሟል። ዓይን ሲበዛም ችግር ነው። ዓይኑ የበረታ ውሻ አንዷ በግ ላይ አፍጥጦ እንደ ሐውልት ይደርቃል፤ እረኛው ቢጠራ ቢያፏጭ አይነቃነቅም፣ ሌሎቹ በጎች በጎን ይሄዳሉ። ጅራቱን ደግሞ ልብ ይበሉ። ወደ ታች ከሆነ ልቡ ሥራው ላይ ነው፤ እንደ ባንዲራ ከቆመ ጨዋታ ጀምሯል ወይም ተደናግሯል።

ብዙ እንግዳ የሚሳሳተው ግን ዓይኑን ውሻው ላይ ብቻ ስለሚያደርግ ነው። በጎቹን ይዩ። እያንዳንዷ በግ በዙሪያዋ የማይታይ ክበብ አላት። ውሻው ከክበቡ ውጭ እስካለ ቆማ ታየዋለች፤ ጠርዙን ሲነካ ትራመዳለች፤ ዘው ብሎ ሲገባ ትፈረጥጣለች። ለማሳያ የለመዱ በጎች ክበብ ጥቂት ሜትር ነው፤ ሰው እምብዛም የማያዩት የተራራ በጎች ክበብ በአሥር ሜትሮች ይቆጠራል። የውሻው ብልሃት ሁሉ ይህን ጠርዝ ማግኘትና እሱ ላይ መቆየት ነው። ሌላው ቁልፍ የበጓ ትከሻ ነው። ውሻው ከትከሻዋ በስተኋላ ሆኖ ሲጠጋ ወደፊት ትሄዳለች፣ ከትከሻዋ በስተፊት ሲመጣ ደግሞ ወደ ኋላ ትዞራለች። አንድ ክንድ ያህል ቦታ መቀየር አቅጣጫዋን ይለውጠዋል።

ትልቁ ነገር ሚዛን የሚሉት ነው። የሰዓት ፊት ያስቡ፤ በጎቹ መሐሉ ላይ፣ እረኛው ቁጥር 6 ላይ። ውሻው ማንም ሳያዘው ቁጥር 12 ላይ ይቆማል፤ በጎቹን ወደ ሰውዬው የማምጣት ስሜት አብሮት የተወለደ ነው። እረኛው አንድም ቃል ሳይናገር ወደ 7 ቢሄድ ውሻው ወደ 1 ይሸጋገራል። ለልጆቹ ይህን አስቀድመው ያስረዷቸውና እረኛው እግሩን ሲያንቀሳቅስ ውሻው የት እንደሚሄድ እንዲገምቱ ያድርጓቸው። የ10 ዓመቷ ልጅ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ከብዙ አዋቂ በተሻለ ታነበዋለች።

ትእዛዞቹ ጥቂት ናቸው። «ከም ባይ» ሲባል ውሻው በጎቹን በሰዓት አቅጣጫ ይዞራል፤ «አዌይ» ሲባል በተቃራኒው። «ላይ ዳውን» ተኛ ነው፣ በተግባር ግን ብዙ ጊዜ ቁም ማለት ብቻ ይሆናል። «ዎክ አፕ» ተጠጋ፣ «ስቴዲ» ቀስ በል፣ «ሉክ ባክ» የቀረ በግ አለ ተመለስ፣ «ዛትል ዱ» ደግሞ በቃ፣ ና ነው። ሩቅ ሲሆን ፉጨት ይተካቸዋል፤ አፍ ውስጥ የሚቀመጥ፣ እጥፍ ያለ ትንሽ የብረት ወይም የፕላስቲክ ፊሽካ አለ። ሁለት ውሻ አብረው የሚሠሩ ከሆነ ለእያንዳንዱ የተለየ ፉጨት ስላለው አንዱ ሲታዘዝ ሌላው ንቅንቅ አይልም። አንድ ነገር ጠጋ ብለው ይታዘቡ። ውሻው 400 ሜትር ርቆ ከሆነ ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ፉጨቱ ጆሮው የሚደርሰው ከአንድ ሰከንድ በላይ ዘግይቶ ነው። በዚያች ሰከንድ ሯጭ ውሻ ብዙ ሜትር ያልፋል። ስለዚህ ጎበዝ እረኛ የሚያፏጨው ውሻው አሁን ላለበት ቦታ ሳይሆን ፉጨቱ ሲደርስ ለሚሆንበት ቦታ ነው። ነፋስ ሲጨመርበት ደግሞ ለራሱ ለእረኛውም ግምት ይሆናል።

ሥራው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲህ ይሄዳል፤ የውድድር ነጥቡን አብሬ የማስቀምጠው የቱ እንደሚከብድ እንዲታይ ነው፣ ከ100። ውሻው ከእረኛው እግር ሥር ተነሥቶ በጎቹን ሳያስደነግጥ ሰፊ ዙር አድርጎ ከኋላቸው ይደርሳል፤ 20 ነጥብ። ዙሩ ወደ በጎቹ በተጠጋ ቁጥር እየሰፋ መሄድ አለበት፣ እንደ ሎሚ ሳይሆን እንደ አቮካዶ። በቀጥታ ከሄደባቸው በጎቹ ገና ሳይደርስ ይበተናሉ። ቀጥሎ ማንሣት ይባላል፤ በጎቹ ቆመው ከነበሩበት የሚነቃነቁበት ቅጽበት ነው፤ 10 ነጥብ ብቻ ነው፣ በእኔ ግምት ግን ማሳያው ሁሉ ያለው እዚህ ነው። የበጎቹ ጆሮ ይቆማል፣ ራሳቸው ወደ ውሻው ይዞራል፣ ይመዝኑታል። ከዚያ ጀርባ ሰጥተው በእርጋታ ከተራመዱ ውሻውን አምነውታል፤ ቀሪው ሥራ ይሰምራል። ዘለው ከተነሡ እስከ መጨረሻው ሲያሳድዱ መዋል ነው። ወደ እረኛው በቀጥታ ማምጣት 20፣ ከእረኛው አርቆ መንዳት ደግሞ 30። የኋለኛው ነጥቡ የበዛው ከተፈጥሮው ጋር ስለሚጣላ ነው፤ ሲወለድ ጀምሮ አምጣ አምጣ የሚለው እንስሳ ውሰድ ሲባል ዞሮ ፊት ለፊት ለመግባት ይታገላል። ጉረኖ ማስገባት 10፣ ከመንጋው ነጥሎ ማውጣት 10። መነጠሉም እንዲሁ ከባድ ነው፤ ዕድሜ ልኩን ሰብስብ የተባለ ውሻ በሁለት በጎች መሐል ዘሎ ገብቶ እንዲከፍል ይጠየቃል። በእርሻ ላይ ግን ያለ እሱ መታከም ያለባትን አንካሳ በግ መያዝ አይቻልም።

ውሻው ቢነክስስ? ልጆች ይደነግጣሉ፤ አስቀድመው ይንገሯቸው። በግ ግንባሯን ደፍታ ስትመጣበት አፍንጫዋን ቶሎ ነክቶ መልቀቅ ራሱን ማስከበሩ ነው። ጸጉር ላይ ተንጠልጥሎ መቆየት ወይም የኋላ እግር መያዝ ግን ጥፋት ነው፤ እረኛው ወዲያው ካልገሠጸው ሥልጠናው ላይ ችግር አለ። እረኛው ድምፁን ከፍ ማድረጉ በራሱ ክፋት አይደለም፣ ነፋሱን ማሸነፍ አለበት። የውሻው ሁኔታ ይነግርዎታል፤ «ዛትል ዱ» ሲባል እየሮጠ የሚመጣ ውሻ ደህና ነው፣ ሆዱን መሬት አስይዞ እየተንፏቀቀ የሚመጣው አይደለም።

ትርኢት የበዛበትን ቦታ የሚያጋልጡትም በጎቹ ናቸው። በቀን አራት አምስት ጊዜ፣ በየቀኑ የሚነዱ በጎች ውሻውን መፍራት ይተዉና ገና ሲያዩት ሮጠው እረኛው ጉልበት ሥር ይደበቃሉ። ያኔ ውሻው ምንም አይሠራም፤ በጎቹ መንገዱን በቃላቸው ያውቁታል። በጎቹን እንደሚቀያይሩ ይጠይቁ።

አሁን ብዙዎች የማያስቡት ነገር፦ ለበጎቹ እርስዎም ውሻ ነዎት። አምስት ሰው አጥር ይዞ ተዘርግቶ ከቆመ አምስት አጥቂ ነው። የጉረኖው በር አጠገብ የቆመ እንግዳ በጎቹ እንዳይገቡ ይከለክላል፤ ውሻው ከኋላ ይገፋል፣ ሰው ከፊት ይመልሳል፣ በጎቹ መሐል ላይ ይፈነዳሉ፣ ከዚያ ሁሉም «ውሻው አልቻለም» ይላል። እረኛው ያሳየዎት ቦታ ላይ ተሰብስበው፣ ግድግዳ ወይም አጥር ተደግፈው ይቁሙ። በራስዎ የሚመርጡ ከሆነ ከበሩ ይራቁ፣ ከበጎቹ በላይ ባለው ቁልቁለት ላይም አይቁሙ፤ በግ ስትደነግጥ ሽቅብ መሮጥ ትወዳለች፣ መንገዷን ይዘጉባታል። ልጆቹ አያፏጩ፣ የውሻውን ስም አይጥሩ፣ «በቃ» እስኪባል አያጨብጭቡ። የስልክ ጥሪ ድምፅ ይጥፋ። ድሮን በጭራሽ።

ውሻውን መዳሰስ የሚቻለው ሥራ ሲጨርስ፣ ተጠይቆ ነው። ልጁ ጎን ለጎን ቁጭ ብሎ እጁን ዝቅ ያድርግ፣ ውሻው ይምጣ፤ ሰው ከላይ ጎንበስ ብሎ ጭንቅላቱን መታ መታ ሲያደርገውና ሲያቅፈው አይወድም። ዱላ ወይም ኳስ አይወርወርለት፤ የማያባራ ጨዋታ ነው የሚጀምረው። ምንም አይመገብ፤ ሥራ ላይ ያለ ውሻ ሆዱ ሞልቶ ቢሮጥ ጨጓራው ሊጠማዘዝበት ይችላል፣ ይህም ቶሎ ቀዶ ጥገና ካላገኘ ይገድለዋል። አንድ የተለመደ ክስተት፦ ግቢው ውስጥ ሥራ የፈታ ለጋ ኮሊ የሚሯሯጡ ልጆችን መክበብና ተረከዛቸውን መንካት ይጀምራል። መድኃኒቱ መጮህና መሸሽ ሳይሆን ቀጥ ብሎ መቆም ነው። የማይንቀሳቀስ ነገር አይነዳም።

ውሻው ለገበሬው ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለመገመት፣ በ2021 መጀመሪያ ላይ በዌልስ የኦንላይን ጨረታ አንዲት የአንድ ዓመት ውሻ 28,455 ፓውንድ ተሸጣለች። ይህ የዘመኑ ክብረ ወሰን ነበር እንጂ የዘወትር ዋጋ አይደለም። ወሬ ለመክፈት ከፈለጉ ስለ ዘሩ ይጠይቁት። የተመዘገበ የሥራ ውሻ የዘር ሐረግ በ1893 በእንግሊዝ ኖርዘምበርላንድ ውስጥ ወደተወለደው ኦልድ ሄምፕ የተባለ ውሻ ይወጣል፤ መዝገቡን የሚይዘው ዓለም አቀፉ የእረኛ ውሻ ማኅበር የተቋቋመው በ1906 ነው። ማኅበሩ ሲጀምር ጀምሮ የሚያየው ሥራውን ነው፤ ቀለሙ ወይም የጆሮው አቋቋም ለእረኛ ግድ አይሰጠውም። በብሪታንያ የመጀመሪያው የታወቀ ውድድር የተደረገው ደግሞ በ1873 ዌልስ ውስጥ ባላ ከተማ ነበር፤ ያሸነፈው የስኮትላንዳዊ ውሻ መሆኑን ዌልስ ውስጥ ሆነው ባያነሡ ይሻላል።

ስለ እህትዎ ጉዳይ ቁርጥ ያለ ነገር ልናገር። ኤፕሪል ላይ ነፍሰ ጡር ሴት ወደሚወለድበት በረት አትገባም፣ በቅርብ የወለደች በግም ሆነ ግልገል አትነካም። በወሊድ ፈሳሽና በእንግዴ ልጅ ውስጥ ፅንስ የሚያስወርዱ ተዋስያን ሊኖሩ ይችላሉ፤ ክላሚዲያ፣ ቶክሶፕላዝማ፣ ሊስቴሪያ፣ ኪው ፊቨር። በጓ ጤነኛ መምሰሏ ዋስትና አይሆንም። ጥንቃቄው በእሷ አይቆምም፤ ግልገል ያቀፉት ልጆች የለበሱትን ልብስና ጫማ እሷ አታጥብ፣ አትንካ። ሜዳ ላይ ርቆ የሚደረገውን ማሳያ፣ በረቱ አጠገብ እስካልሆነና ከሚወልዱ በጎች ጋር እስካልተነካካች ድረስ፣ ማየት ትችላለች፤ ሐኪሟን ግን ከጉዞው በፊት ታማክር፤ እርሻውንም አስቀድመው ይንገሩት። ከእርሻው በኋላ ትኩሳት ወይም ጉንፋን መሰል ስሜት ካላት ሐኪም ዘንድ ስትሄድ ከበጎች አጠገብ እንደነበረች መናገር አለባት፤ ካልተናገረች ማንም አይገምተውም።

ለልጆቹ ዋናው ነገር እጅ መታጠብ ነው፣ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ፣ ከመብላት በፊትና ከእርሻው ከመውጣት በፊት። የእጅ ጄል አይተካውም፤ ግልገሎች ላይ የሚገኘውን ክሪፕቶስፖሪድየም የተባለ የተቅማጥ ተዋስያን አይገድልም። ጡጦ ማጥባት ይቻላል፣ ግልገል መሳም አይቻልም። አፏ ዙሪያ ቅርፊት ያላትን ግልገል አይንኩ፤ ኦርፍ የሚባለው በሽታ ወደ ሰው ጣት ይጋባል። ያልፈላ ወተት ከቀረበም ይቅር።

ጫማ በተመለከተ እንግዳ የሚንቀው፣ ገበሬው የማይቀልድበት ነገር አለ። በ2001 በብሪታንያ የአፍና እግር በሽታ (አፍተግር) ገብቶ ከስድስት ሚሊዮን በላይ እንስሳት ታርደው ተወግደዋል፤ አየርላንድ በላውዝ ካውንቲ አንድ መንጋ ላይ ብቻ ተገኝቶ በጭንቅ ተረፈች። ተዋስያኑ በጭቃና በጫማ ይጓዛል። ስለዚህ በሌላ አገር ከከብት ወይም ከበግ አጠገብ የዋለ ጫማና ልብስ ይዘው አይሂዱ፤ ግድ ከሆነ ጭቃው ተፍቆ፣ ታጥቦ፣ በፀረ ተዋስያን ተነክሮ ይሁን። ፀረ ተዋስያን ጭቃ ውስጥ አይሠራም፣ መጀመሪያ ማጠብ ነው። በቅርብ ቀናት እርሻ ላይ ከነበሩ ሳይጠየቁ ይናገሩ። ከአየርላንዱ እርሻ ወደ ስኮትላንዱ ሲሻገሩም እንዲሁ። ሥጋና የወተት ተዋጽኦ በሻንጣ አይያዙ፤ ድንበር ላይ ይወረሳል።

ልብስ፦ ውኃ የማያስገባ ካፖርትና ሱሪ፣ የጎማ ቦቲ ጫማ፣ ኮፍያ። ጃንጥላ አይሆንም፤ በነፋስ ሲገለበጥ በጎቹን ያስበረግጋል። ስኮትላንድ ውስጥ ረጅም ሣር ከረገጡ ማታ የልጆቹን ጉልበት ጀርባና ብብት ለመዥገር ይፈትሹ፤ ካገኙ በቀጭን ወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዘው ቀጥ አድርገው ይሳቡ።

በሮች የተዘጉ ከሆኑ ይዝጉ፣ የተከፈቱ ከሆኑ ክፍት ይተዉ፤ የተከፈተው በጎቹ ውኃ እንዲያገኙ ሊሆን ይችላል። በሩ ላይ ወጥቶ መሻገር የግድ ከሆነ በማጠፊያው በኩል እንጂ በመቀርቀሪያው በኩል አይውጡ፣ በሩ ይዘምማል። መኪና በእርሻ በር ፊት አያቁሙ፤ ምንም ባይታይም ትራክተር ይወጣበታል። የተራራ መንገዱ አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ ነው፣ ማሳለፊያ ሰፋ ያለ ቦታ አለው፣ እዚያ ማቆም አይፈቀድም። ካርታው 40 ደቂቃ ካለ አንድ ሰዓት ይያዙ። ኔትዎርክ ስለሚጠፋ የካርድ ማሽኑ ላይሠራ ይችላል፤ አየርላንድ ላይ ዩሮ፣ ስኮትላንድ ላይ ፓውንድ በጥሬ ገንዘብ ይኑርዎት።

ፎቶ ለማንሣት ከባዱ ርቀቱ ነው። በስልክ 300 ሜትር ላይ ያለ ውሻ ጥቁር ነጥብ ብቻ ይሆናል፤ ስልኩን ኪስ ውስጥ ይተዉትና በጎቹ ሲቀርቡና ጉረኖ ሲገቡ ያውጡት። ካሜራ ካለዎት እስከ 200 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ሌንስ፣ የመዝጊያ ፍጥነት 1/1000፣ ተከታታይ ትኩረት፤ ቁጭ ብለው በውሻው ዓይን ከፍታ ያንሡ። ፍላሽ አይብራ።

ቦታውን አሁኑኑ ይያዙ። መልእክቱ ላይ ቀኑን፣ ስንት ሰው እንደሆናችሁ፣ የልጆቹን ዕድሜ፣ ነፍሰ ጡር ሴት እንዳለች፣ ባለፉት ቀናት ውስጥ እርሻ ላይ ነበራችሁ አልነበራችሁም፣ እንዲሁም ዝናብ ቢበረታ ምን እንደሚደረግ ጥያቄ ያካትቱ። ከአንድ ቀን በፊት ደግሞ አረጋግጡ፤ ሌሊቱን ሦስት በጎች በአንድ ጊዜ ያማጡበት ሰው ማሳያውን ሊሰርዝ ይችላል፣ አይቀየሙት። ኢሜይል ሁለት ሦስት ቀን ካልተመለሰ በስልክ ይደውሉ፣ ጠዋት ሳይሆን እኩለ ቀን አልፎ፤ ለምሳ ቤት የሚገባው ያኔ ነው።